ከኢሜይል ግርጌ ያለው ስም ፊርማ ነው?

ኢሜይል ስትጽፉ ስማችሁና ስልካችሁ ከግርጌው በራሱ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን «ፊርማ» ይለዋል። ግን ተራ ጽሑፍ ነው፤ ማንም ሰው ስማችሁን ከራሱ መልእክት ሥር ሊጽፍ ይችላል።

ዲጂታል ፊርማ ሌላ ነገር ነው። ሐሳቡን በ1976 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ናቸው። እንዴት ነው የሚሠራው? ኮምፒውተሩ መልእክቱን በሙሉ ወደ አጭር ቁጥር ይጨምቀዋል። ለምሳሌ ኤስኤችኤ-256 የሚባለው ስሌት፣ ጽሑፉ አንድ መስመርም ይሁን አንድ መጽሐፍ፣ ሁልጊዜ 256 ቢት ያወጣል። አንዲት ነጥብ ብትቀየር ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ይህን ቁጥር እናንተ ብቻ በያዛችሁት ምስጢራዊ ቁልፍ ትፈርሙበታላችሁ፤ ተቀባዩ ደግሞ ለሁሉም ክፍት በሆነው ቁልፋችሁ ያረጋግጣል።

ታዲያ ተቀባዩ ጋ «ፊርማው ልክ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣስ? ወዲያው ሌባ ገብቷል ማለት አይደለም። አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ሰርቨሮች፣ መልእክቱ ከተፈረመ በኋላ፣ «ይህ ኢሜይል ምስጢራዊ ነው» ዓይነት ጽሑፍ ከሥር ይጨምራሉ። ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለስሌቱ ግን መልእክቱ ተቀይሯል።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ የግርጌ ጽሑፉ፣ መጨረሻ ላይ ፊርማው። የሰርቨሩ ኃላፊ ጭማሪውን እንዲያስቀር ጠይቁና ጽሑፉን በራሳችሁ የኢሜይል ፕሮግራም አስገቡት።

ማስጠንቀቂያውን ግን ለምዳችሁ አትለፉት። የባንክ ሒሳብ ቁጥር የቀየረ አጭበርባሪም የሚያስነሣው ያንኑ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት በቀድሞው ስልክ ደውሉና አረጋግጡ።