የአንጀት ካንሰር ለምን ጉበት ላይ ይወጣል? የመከላከያ ሴሎቻችንስ ምን ይሠራሉ?

በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ አባቴ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበረበት፤ አሁን ጉበቱም ላይ አለ ተባልን። ሌላ ካንሰር ያዘው ማለት ነው?»

አይደለም። ጉበት ላይ ያለውም ያው የአንጀት ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቶ ነው።

📌 ለምን ጉበት?
ከትልቁ አንጀት የሚወጣው ደም በአብዛኛው ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በጉበት ያልፋል። ከዕጢው የተላቀቁ ሴሎችም አብረው ይሄዳሉ።

📌 የመከላከያ ሴሎቻችንስ?
ዝም አይሉም። በጉበት ደም ስሮች ውስጥ ያሉት ኩፕፈር የሚባሉ ሴሎች የሚያልፈውን ባክቴሪያና የካንሰር ሴል ይዘው ይውጣሉ። ከሚመጡት የካንሰር ሴሎች አብዛኞቹ ዕጢ ሳይሆኑ ይጠፋሉ።

ግን ጉበት ከምግብ ጋር ብዙ ባዕድ ነገር በየቀኑ ስለሚመጣበት በተፈጥሮው ታጋሽ ነው። ለሁሉም ቢቆጣ ራሱን ይጎዳ ነበር። ካንሰሩ ይሄን ትዕግስት ይጠቀምበታል። አምልጦ ሥር ከሰደደ ደግሞ ማክሮፌጅ የሚባሉትን ጠባቂዎች ወደ ራሱ ወገን ያዞራል፦ ደም ስር እንዲያበቅል ያግዙታል፣ ካንሰር ገዳዮቹን ቲ ሴሎች ያዳክሙለታል።

📌 «ታዲያ ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ነገር እንስጠው?»
ችግሩ የጠባቂ ቁጥር ማነስ ሳይሆን የጠባቂው መታለል ነው። ይሄን የሚያስተካክል ሻይ፣ ቅጠል ወይም ቫይታሚን የለም። እንዲያውም አንዳንድ ቅጠላ ቅጠል ጉበት ይጎዳል፤ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይውሰድ። ቲ ሴሎችን የሚያነቃው ኢሚውኖቴራፒም በደንብ የሚሠራው፣ ካንሰሩ ከተሰራጨባቸው 100 ታማሚዎች 5 ገደማ በሚሆኑት ላይ ነው። እነሱን የሚለየው ከዕጢው ናሙና የሚሠራ ኤምኤስአይ የሚባል ምርመራ ነው።

📌 ጉበት ደረሰ ማለት አበቃ ማለት ነው?
አይደለም! ጉበት ላይ ያለው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችል ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ የሚድኑ ሰዎች አሉ። «ቀዶ ሕክምና ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

⚠️ ከሁሉም የሚሻለው ሳይሰራጭ መድረስ ነው። ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ የሰገራ ልማዳችሁ ከተቀየረ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ወይም የደም ማነስ ከተገኘባችሁ «ኪንታሮት ነው» ብላችሁ አትተዉት። ወጣት ብትሆኑም ታዩ።

ለምትወዷቸው ሼር አድርጉላቸው።