በልጅነቱ የሸመገለው ኮከብ

በጥር መጨረሻ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ቀና ብንል በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ከዋክብት እናያለን። ከእነሱ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከአናታችን በላይ ገደማ፣ ቀላ ያለ ደማቅ ኮከብ አለ። ስሙ ቤቴልጂውስ ይባላል። ነገ ክፍል ስንገባ ተማሪዎች ስለ ከዋክብት መጠየቃቸው አይቀርምና ስለዚህ ኮከብ ጥቂት ልናብራራ እንወዳለን።

መጀመሪያ ቀለሙን እንመልከት። ቀይ ሲባል ብዙዎቻችን እጅግ የጋለ ይመስለናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቀጥቃጭ ብረት ሲያግል ብረቱ በመጀመሪያ ይቀላል፤ ግለቱ ሲጨምር ወደ ቢጫ፣ ቀጥሎም ወደ ነጭ ይለወጣል። ከዋክብትም እንዲሁ ናቸው። የቤቴልጂውስ ገጽ ሙቀት 3,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን የፀሐያችን 5,500 ነው። ከሦስቱ ከዋክብት ማዶ በስተደቡብ ምዕራብ የሚታየው ነጣ ያለው ሪጀል ደግሞ ከ11,000 ይበልጣል።

ታዲያ ገጹ ቀዝቀዝ ያለ፣ ርቀቱም ከ500 የብርሃን ዓመት በላይ የሆነ ኮከብ እንዴት ይህን ያህል ይደምቃል? ምክንያቱ ስፋቱ ነው። በ1913 ዓ.ም. ማይክልሰንና ፒዝ የተባሉ ሳይንቲስቶች በካሊፎርኒያ በማውንት ዊልሰን ቴሌስኮፕ የቤቴልጂውስን ስፋት ለኩ። ከፀሐይ በስተቀር ስፋቱ የተለካ የመጀመሪያው ኮከብ ይኸው ነው። ዛሬ ወርዱ ከፀሐይ 700 እጥፍ ያህል እንደሚሆን ይገመታል። በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ መሬታችንን ውጦ ከማርስ ምህዋር ያልፍ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን እብጠት እንጂ ጥንካሬ አይደለም። መጠነ ቁሱ ከፀሐይ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ብቻ ነው። ያ ቁስ በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ ሲበተን አማካይ እፍጋቱ ከምንተነፍሰው አየር ከ10,000 ጊዜ በላይ የሳሳ ይሆናል።

ምን አሳበጠው? እርጅና ነው። ኮከብ የሚያበራው በእምብርቱ ሃይድሮጅን እየተዋሃደ ወደ ሂሊየም ሲለወጥ ነው። የእምብርቱ ሃይድሮጅን ሲያልቅ እምብርቱ በራሱ ስበት ተጨምቆ የባሰ ይግላል፤ የውጭው ክፍል ግን ተነፍቶ ይቀዘቅዛል። የሚገርመው ዕድሜው ነው። ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ኖራ ገና ጎልማሳ ስትሆን፣ ቤቴልጂውስ ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ነው። ክሩ ከመጠን በላይ የወጣ ኩራዝ ላምባው የቱንም ያህል ቢሞላ ቶሎ ይጨርሳል አይደል? ትልቅ ኮከብም እንዲሁ ነው፤ ነዳጁ ብዙ ነው፣ አነዳዱ ግን የባሰ ፈጣን ነው።

በ2012 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ የቤቴልጂውስ ብርሃን ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወረደ። “ሊፈነዳ ነው” የሚል ወሬም በዓለም ተናፈሰ። በኋላ ግን ደመቀ። በ2013 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት እንዳስረዳው ኮከቡ ከተፋው ጋዝ የተፈጠረ አቧራ ነበር የጋረደው።

መፈንዳቱ ግን አይቀርም። የሊቃውንቱ ግምት በ100,000 ዓመት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ይታያል፤ ከርቀቱ የተነሳ ግን መሬትን አይጎዳም። እንዲያውም የምንተነፍሰው ኦክስጅን የተሠራው እንዲህ ባሉ ግዙፍ ከዋክብት ውስጥ ነው።

“ምናልባት እስካሁን ፈንድቶ ቢሆንስ?” ብሎ የሚጠይቀን ተማሪ ቢኖር ጎበዝ ነው። ዛሬ የምናየው ብርሃን ከ500 ዓመት በፊት የተነሳ ነውና፣ ፈንድቶ ከሆነ ወሬው ገና መንገድ ላይ ነው ብለን እንመልስለት። ከዚያም ኮከቡን በየሳምንቱ ከሪጀል ጋር እያነጻጸረ ድምቀቱን በደብተሩ እንዲመዘግብ እናድርግ። የቤቴልጂውስ ድምቀት ከፍ ዝቅ ማለቱን በገዛ ዓይኑ ሊደርስበት ይችላል።