አሮጌውን ሶፍትዌር መቼ እንሰናበተው?

በሆሳዕና ከተማ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ከጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ የተሰለፈ ሁሉ ነገሬን ቶሎ ይረዳዋል። በቅርቡ የገባሁበት ቤት ኮምፒዩተር የሚሠራው በዊንዶውስ 7 ነው። ማይክሮሶፍት የዚህን ሥሪት መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ድጋፉ ቀርቷል» ብላቸው፣ ባለቤቱ «እኔ ዘንድ ግን እየሠራ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ድጋፍ ቆመ ማለት ኮምፒዩተሩ ቆመ ማለት ሳይሆን፣ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝ ሠሪው አይደፍንም ማለት ነው። በሠሪውም ብቻ መፍረድ አይገባም፤ እያንዳንዷ እርማት በየሥሪቱ መፈተን አለባትና አሮጌው በበዛ ቁጥር ድካሙ ይበዛል።

ታዲያ ቀኑ በምን ይቆረጣል? ማይክሮሶፍት ከዓመታት በፊት ያስታውቃል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በዚሁ ደንብ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ደንቡ ግን ይጣሳል፤ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ ዓለምን ሲያምስ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ለተተወው ዊንዶውስ ኤክስፒ እርማት ወጥቷል። የፋየርፎክስ ሠሪ ሞዚላ ደግሞ በዊንዶውስ 7 ላይ የቀረው ተጠቃሚ ብዙ መሆኑን አይቶ የ115ኛውን ሥሪት ማብቂያ ደጋግሞ አራዝሟል። ይህኛው ይሻላል እላለሁ። ሆኖም ቆጠራው የሚያየው ኢንተርኔት ላይ የወጣውን ብቻ ነው። የጋሼ ኮምፒዩተር ቫይረስ ተፈርቶ ገመዱ ከተነቀለ ቆይቷል፤ ማን ይቆጥረዋል?

አዲስ ለምን አይገዙም ትሉ ይሆናል። ዋጋው አንድ ነገር ነው፤ የባሰው ግን ፊደሉ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 ሥሪት፣ በፈረንጆች 1999 ነው። ቀድመው የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ አስቀምጠውት ነበር፤ ልማዱም ከዚያ በኋላ ብዙ ዘለቀ። በዚያ መንገድ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይሆናል። በዚያው ቤት በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ የተጻፈው፣ ፊደሉ ላቲን ስለሆነ፣ የትም ይነበባል። አማርኛው ብቻ ተለይቶ ይጠፋል!

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ቀኑ መቆረጥ ያለበት የአሮጌው ተጠቃሚ ሲያንስ ሳይሆን፣ በእርሱ የተጻፈው ወደ አዲሱ መሻገር ሲችል ነው። መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ። ጋሼ ለሙከራ አንድ የእድር መተዳደሪያ ደንብ ሰጡኝ፤ አብዛኛው ተሻገረ፣ አንዳንዱ ፊደል ግን ሌላ ሆኖ ወጣ። እርሳቸው ከወረቀቱ እያነበቡ፣ እኔ እያረምኩ፣ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ሌላው ፋይል ሁሉ ገና እዚያው ነው።