ደብረ ሊባኖስና ገደሉ

የጥንት መነኮሳት ለገዳም ቦታ ሲመርጡ ውሃ ያለበትን፥ ከዓለምም ጫጫታ የራቀውን ገደል ይሹ ነበር። በሰሜን ሸዋ ከፍቼ አጠገብ ሜዳው ድንገት ተቈርጦ ወደ ዜጋ ወደም ሸለቆ በሚወርድበት አፋፍ ሥር የሚገኘው ደብረ ሊባኖስም የተመረጠው እንዲሁ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደዚህ መጥተው በዋሻው ይጸልዩ ዠመር። ቦታው ያን ጊዜ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያሉት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ናቸው።

ነገር ግን ገደል ከዓለም ይጋርዳል እንጂ ከነገሥታት ቍጣ አያድንም። ሦስተኛው አበ ምኔት አቡነ ፊልጶስ ዐፄ ዓምደ ጽዮንን ስለ ጋብቻቸው ፊት ለፊት በመገሠጻቸው ተሰደዱ፤ በስደትም ዐረፉ። ዐፅማቸው ወደ ገዳማቸው የተመለሰው ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በአባ መርሐ ክርስቶስ ጊዜ ነው። በ1523 ዓ.ም. ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑን የኢማም አሕመድ ጭፍሮች አቃጠሉት። የዕጨጌው መንበር በጎንደር ዘመን በአዘዞ ተቀመጠ፤ ማዕርጉም ዛሬ ከፓትርያርኩ ስም ጋር ተያይዞ ይጠራል።

ከኹሉ የከፋው መዓት የወረደው በ1929 ዓ.ም. ነው። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ ጣዮቹን ገዳሙ ደብቋል ተብሎ ተከሰሰ። ጄኔራል ማሌቲ ቦታውን የከበበው የጻድቁ የፍልሰተ ዐፅም በዓል በሚከበርበት በግንቦት 12 ሰሞን ነበር፤ ስለዚህ ከመነኮሳቱ ጋር ከሩቅ የመጣው ተሳላሚ ኹሉ ተያዘ። በማግሥቱ በላጋ ወልዴ ሸለቆ በጥይት አለቁ። ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች ተገደሉ አለ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም በደብረ ብርሃን አቅራቢያ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። ኋላ ከሽማግሌዎች ቃል የመረመሩ ጸሓፊዎች ግን ሟቾቹን ከ1,423 እስከ 2,033 ያደርሷቸዋል።

ገዳዩ የላከው ቍጥር ብቻ ነው። ለፍትሐት ግን ስመ ክርስትና ያስፈልጋል፤ ለበዓል መጥቶ ያለቀውን እንግዳ ስም ማን መዝግቦት ይኾን?

አኹን ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተሠራ። ግንቦት 12 በመጣ ቍጥር ተሳላሚው በዚያው ቍልቍለት ይወርዳል፤ ከዋሻው ጠበል ጠጥቶም ይመለሳል።