ቋሚ የወሊድ መቆጣጠሪያ ቀዶ ሕክምና፦ በአደባባይ ወይስ በር ተዘግቶ?

ይህ በሬዲዮ የጤና ፕሮግራማችን የቀረበ ትምህርት ነው። ሬዲዮ ለሌላችሁና ደግማችሁ ማንበብ ለምትፈልጉ በወረቀት አቅርበንላችኋል።

የዛሬው ርዕሳችን ከአድማጭ ጥያቄ የተነሳ ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ወንዶች ቫዜክቶሚን የሚፈሩት ስለማያውቁት ነው። ታዲያ አንድ ቀን ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ፈቃደኛ የሆነ ሰው በሁሉም ፊት ቢሠራለት ፍርሃቱ አይጠፋም ወይ?»

አባቶችና እናቶች፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን በፊታችሁ ማንሳቱ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ። ጥያቄው ቁም ነገር ያለው ነው፤ በሌሎች አገሮችም በተግባር ታይቷል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው።

ቫዜክቶሚ ምንድን ነው?

የወንድ ዘር ከቆለጥ ተነስቶ የሚወጣው በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። ባለሙያው ቦታውን በመርፌ ያደነዝዝና በቆለጥ ከረጢት ቆዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ሁለቱን ቱቦዎች ይቆርጣቸዋል፣ ይዘጋቸዋል። ሥራው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ሰውየው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህ መኮላሸት አይደለም። ቆለጡ አይወጣም፣ አይነካም። የወንድነት ሆርሞን በደም ውስጥ መዘዋወሩን ይቀጥላል። ስሜትም ጉልበትም እንደ ነበረ ነው። ፈሳሹም ይወጣል፤ የሚቀረው በውስጡ የነበረው ዘር ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ቀን አይሠራም። በቱቦው ውስጥ የቀረ ዘር ስላለ ለ3 ወር ኮንዶም ወይም ሌላ መከላከያ መጠቀም ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ፈሳሹ በላቦራቶሪ ቢታይ ጥሩ ነው። ከኤች አይ ቪና ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎችም አይከላከልም።

ሴትም እንቁላል የሚያልፍባቸውን ቱቦዎች ማስቋጠር ትችላለች። ሆኖም የሴቷ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው በሆድ በኩል ስለሆነ ከወንዱ ይከብዳል።

ሁለቱም ቋሚ ናቸው። ቱቦውን መልሶ ለመቀጠል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ቢኖርም አስቸጋሪና ውድ ነው፣ ልጅ ለመውለድም ዋስትና የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህ ግን አንዴ ከፈሰሰ በቀላሉ የሚለቀም አይደለም።

በአደባባይ የተደረገው የት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2013 ጆናታን ስታክ የተባለ የፊልም ባለሙያና ዶክተር ዳግ ስታይን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም «የዓለም የቫዜክቶሚ ቀን» የሚባለውን ጀመሩ። የመጀመሪያው በአውስትራሊያ፣ በአደሌድ ከተማ ሲከበር፣ ተመልካች በተሰበሰበበት አዳራሽ ቀዶ ሕክምናው ተሠራ፤ በኢንተርኔትም በቀጥታ ተላለፈ። በ2016 የበዓሉ ዋና ማዕከል በምንኖርበት አገር በኬንያ፣ ናይሮቢ ነበር።

የአዘጋጆቹ ሐሳብ ግልጽ ነው። የወሊድ ጣጣ በሴቷ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም፤ ወንዱም ድርሻውን ይወጣ፤ ሥራው ቀላል መሆኑን ሰው በዓይኑ ይይ ይላሉ። እውነት አላቸው። ክኒኑን የምትውጠው፣ መርፌውን የምትወጋው፣ በክንዷ የምታስቀብረው ሴቷ ናት። ወንዱም ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ከሕንድ የምንማረው

ሆኖም ከዚህ በጣም ቀደም ብሎ ቀዶ ሕክምናውን እንደ በዓል ያደረገች አገር አለች፤ ሕንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 በኬረላ ክፍለ ግዛት፣ በኤርናኩላም አውራጃ ትልቅ የቫዜክቶሚ ካምፕ ተዘጋጀ። በአንድ ወር ውስጥ ከ60,000 በላይ ወንዶች ተሠራላቸው። ለተሠራላቸው ገንዘብና ስጦታ ይሰጥ ነበር። በጊዜው እንደ ትልቅ ስኬት ተቆጠረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ከ1975 እስከ 1977 በነበረው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባለሥልጣናት ኮታ ተሰጣቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ወንዶች ተሠራላቸው፤ ብዙዎቹ ተገደው ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ሕዝቡ ቫዜክቶሚን ጠላ። ሸክሙም ተመልሶ በሴቶች ላይ ወደቀ።

በኅዳር 2014 በቻቲስጋር ክፍለ ግዛት፣ በቢላስፑር አካባቢ አንድ ሐኪም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለ83 ሴቶች ቱቦ የማስቋጠር ቀዶ ሕክምና አደረገ። ከነዚህ ውስጥ በርካታ እናቶች ሞቱ። በ2016 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ዓይነት የጅምላ ካምፖች በ3 ዓመት ውስጥ እንዲቀሩ አዘዘ።

አደሌድና ሕንድ አንድ አይደሉም። በአደሌድ የቀረቡት ፈቃደኞች ነበሩ። ነገር ግን የሕንዱ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ሕክምና ወደ ሰልፍና ወደ ቁጥር ሲለወጥ የአንዱ ሰው ነፍስ ትረሳለች።

ለእኛ ካምፕስ ይሆናል ወይ?

መልሴ አይሆንም ነው። ምክንያቶቼ አራት ናቸው።

1ኛ፦ ሐሳብን የመለወጥ መብት። ማንኛውም ሰው አልጋው ላይ ከተኛ በኋላም ቢሆን ቀዶ ሕክምናው ሳይጀመር «ትቼዋለሁ» ማለት ይችላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህን ማለት ቀላል ነው። ጎረቤቱ፣ አማቹና የሠፈር ልጆች ሁሉ እያዩት ግን ተነስቶ የሚሄድ ስንት ወንድ አለ? በይሉኝታ የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም።

2ኛ፦ ምስጢር። በከተማ የታየ ሰው ነገ ሌላ ሠፈር ይሄዳል። እኛ ግን በአንድ ቧንቧ ውኃ እንቀዳለን፣ በአንድ ሰልፍ ራሽን እንወስዳለን። በሞባይል የተነሳ ፎቶ ሰውየውን ለዘላለም ይከተለዋል።

3ኛ፦ ችግር ላይ መሆናችን። የተቸገረ ሰው ስጦታ ወይም ተስፋ ሲያይ ያልፈለገውን ይፈርማል። ስለዚህ በግልጽ ልንገራችሁ፦ ይህ ቀዶ ሕክምና ከራሽን ካርድም ሆነ ከሦስተኛ አገር ፕሮሰስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። አለው የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት፣ ለጤና ጣቢያው ተናገሩ።

4ኛ፦ ንጽሕና። አቧራና ግርግር ባለበት ቁስል በቀላሉ ያመረቅዛል።

ታዲያ በአደባባይ ምን ይደረግ?

ትምህርቱ በአደባባይ ይሁን። በሥዕል ይገለጽ፣ በሬዲዮ ይነገር። የተሠራለት ሰው በራሱ ፈቃድ ወጥቶ ቢመሰክር ደስ ይለናል፤ ማንም ግን አያስገድደው። ፍርሃትን የሚያጠፋው ዕውቀት ነው፤ ለዚህ የሰው ገላ በሕዝብ ፊት መገለጥ የለበትም።

ውሳኔው ግን በር ተዘግቶ ይሁን። ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

• ቋሚ መሆኑ ገብቶኛል? ልጅ ቢሞትብኝ፣ ወይም ትዳሬ ቢለወጥ እጸጸታለሁ?
• እንደ መርፌ፣ ሉፕ፣ በክንድ የሚቀበርና ኮንዶም ያሉ፣ ሲፈለግ የሚቋረጡ ዘዴዎች ተነግረውኛል?
• የተፈረመው ወረቀት በምሰማው ቋንቋ ተነቦልኛል?
• አስተርጓሚው ጎረቤቴ ወይም ዘመዴ ነው? ከሆነ ሌላ እንዲመጣላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ባልና ሚስት ተመካክረው ቢመጡ ይመረጣል። የሃይማኖት አባት ማማከር የሚፈልግ ያማክር። ሐዘን ላይ ያለ፣ ከባድ ጭንቀት ውስጥ ያለ ወይም ሰው የገፋፋው ግን አይቸኩል፤ ሐኪም ቤቱ ነገም አለ።

የተሠራለት ሰው 2 ቀን ይረፍ፣ ለአንድ ሳምንት ውኃ፣ ማገዶና ሌላ ከባድ ሸክም አይሸከም። ትኩሳት፣ የማይቆም ደም፣ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ወይም መግል ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ።

ወንድሞች፣ እህቶች፣ ጥያቄ ካላችሁ በሠፈራችሁ ያለውን የጤና ሠራተኛ ለብቻ አነጋግሩ። በሰው ፊት መጠየቅ ያሳፈራችሁን ነገር በር ዘግተን እንሰማችኋለን። የነገራችሁንም ከክፍሉ አናወጣውም።