«ቶርጉት» የሚለው ስም አመጣጥ

የአንድ ነገድ ስም ከአባት ስም፣ ከሚኖርበት ቦታ ወይም ከሚሠራው ሥራ ሊወጣ ይችላል። ከሥራ እንደ ወጡ ከሚታመንባቸው ስሞች አንዱ «ቶርጉት» ነው። ቶርጉቶች ከካልሚክ ሕዝብ ነገዶች መካከል አንዱ ናቸው፤ ቋንቋቸውም ከሞንጎልኛ ጋር ይዛመዳል።

ብዙ ሊቃውንት የስሙን ምንጭ ከጄንጊስ ካን ዘበኞች ጋር ያያይዙታል። በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው «የሞንጎሎች ምስጢራዊ ታሪክ» እንደሚገልጸው፣ ንጉሡን በሌሊት የሚጠብቁት «ከብተውል»፣ በቀን የሚጠብቁት ደግሞ «ቱርጋውት» ይባሉ ነበር። የኋለኛው ቃል ነጠላው «ቱርጋቅ» ነው። በአማርኛ «ዘበኛ» የሚለው ቃል «ዘበኞች» ሲሆን ብዙ ቁጥርን እንደሚያመለክት ሁሉ፣ «ቱርጋውት» በሚለው ቃል መጨረሻ ያለው «ት»ም ብዙ ቁጥርን ያመለክታል። በዘመን ብዛት የሥራው መጠሪያ የነገድ ስም ሆነ ማለት ነው።

ቶርጉቶች በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ ቮልጋ ወንዝ አካባቢ ተሰደዱ። በ1771 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ግን አብዛኞቹ ወደ ቀድሞ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ። በጉዞው ላይ እጅግ ብዙ ሰው በረኃብ፣ በብርድና በጦርነት አለቀ። የቀሩት ወገኖቻቸው በዚያው በቮልጋ አካባቢ ኖሩ።

ዛሬ ቶርጉቶች በሩሲያ፣ በቻይናና በሞንጎሊያ ተከፋፍለው ይገኛሉ። የጥንቱ የዘብ ሥራ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ ድንበር የለያያቸው ወገኖች አንድ መሆናቸውን የሚያስታውሰው ይህ ስም ነው።