በጤና ተቋማት ግዥ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃና የሰብአዊ መብት ጉዳይ

መግቢያ

በጤና ተቋም ውስጥ ስለ ግዥ ሲነሳ አብዛኞቻችን ጉዳዩን የፋይናንስ ክፍሉና የግዥ ኮሚቴው ሥራ አድርገን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ የሚገዛው ዕቃ በመጨረሻ የሚደርሰው በእኛው እጅ ነው፤ ካገለገለ በኋላም የሚቃጠለው ወይም የሚቀበረው ከታካሚዎቻችን ደጃፍ ብዙም ሳይርቅ ነው። በጉራጌ ዞን የእዣ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአገና አካባቢ ይህን መገንዘብ አያስቸግርም። በገጠሩ ቤቶች በጀፎረው ግራና ቀኝ ይደረደራሉ፤ የእንሰቱ ጓሮ ከቤቱ ጀርባ ይጀምራል። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ከሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያ የሚወጣ ጭስና አመድ የሚያርፈው ሰው ምግቡን ከሚያበቅልበትና ከብቱን ከሚያሰማራበት መሬት ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመንግሥት ግዥ ሕግ ለአካባቢና ለሰብአዊ መብት ጥበቃ የሚሰጠውን ቦታ በአጭሩ ማብራራትና የጤና ባለሙያው በዚህ ረገድ ያለውን ድርሻ ማሳየት ነው።

የሕግ መሠረቱ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰዎች ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 42 ለሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን፣ አንቀጽ 36 ደግሞ ለሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ መጠበቅን ያረጋግጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም በጤና ተቋማት ላይ የሚሠሩ ሕጎች ናቸው። ተቋሙ ግዥ ሲፈጽም እነዚህ ግዴታዎች ከጨረታው አዳራሽ ደጅ አይቀሩም።

የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግዥ ለረጅም ጊዜ የተመራው በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲሆን፣ ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። በክልል ሥር ያሉ ተቋማት፣ የአገና አካባቢ ጤና ጣቢያዎችን ጨምሮ፣ የሚተዳደሩት በየክልላቸው የግዥ ሕግ ነው። የግዥ ሕግ አንድ መሠረታዊ ሐሳብ ግን የትም ቦታ ተመሳሳይ ነው፤ ተጫራቾች የሚመዘኑት አስቀድሞ በጨረታ ሰነዱ ላይ በተገለጸው መመዘኛ ብቻ ነው። ፖስታው ከተከፈተ በኋላ «ይህኛው ዕቃ ለአካባቢ ይሻላል» ብሎ ውድ የሆነውን መምረጥ ሕገ ወጥ ነው። ይኸው መመዘኛ አስቀድሞ በሰነዱ ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ግን አለማክበሩ ነበር ሕገ ወጥ የሚሆነው።

የመንግሥት ግዥ ዋጋን ብቻ ይመለከታል የሚለው አስተሳሰብም በአገራችን ልምድ አይደገፍም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የግዥ መመሪያ ለአገር ውስጥ የመድኃኒት ምርቶች የ25 በመቶ የዋጋ ልዩ አስተያየት ፈቅዶ ነበር። ኢንዱስትሪን ለማሳደግ ሲባል የዋጋ ልዩነትን መቀበል ከተቻለ፣ የሰውን ጤና ለመጠበቅ ሲባል መመዘኛ ማስቀመጥ ለሕጉ እንግዳ ነገር አይሆንም።

አካባቢን የሚመለከቱ ምሳሌዎች

የመጀመሪያው ምሳሌ የሜርኩሪ (ባዜቃ) መሣሪያ ነው። አንድ የሜርኩሪ የደም ግፊት መለኪያ ከ80 እስከ 100 ግራም የሚደርስ ሜርኩሪ ይይዛል። ሲሰበር ፈሳሹ በወለሉ ስንጥቅ ገብቶ በክፍሉ ሙቀት ይተናል፤ ትነቱን የሚተነፍሱትም ታካሚውና ባለሙያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ተዋዋይ አገሮች ከ2020 በኋላ የሜርኩሪ ቴርሞሜትርና የደም ግፊት መለኪያ ማምረትን፣ ማስመጣትንና መላክን እንዲያቆሙ ደንግጓል። ስለዚህ በፍላጎት መግለጫው (ስፔሲፊኬሽኑ) ላይ «ሜርኩሪ የሌለበት» የሚል ሐረግ መጨመር ተገቢ ነው። ከዚሁ ጋር በውሉ ላይ የካሊብሬሽን አገልግሎት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ካሊብሬሽን ያልተደረገለት አኔሮይድ መለኪያ አካባቢን ቢጠብቅም ታካሚውን ያሳስታል።

ሁለተኛው ምሳሌ ፕላስቲክ ነው። ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በአነስተኛ ሙቀት ሲቃጠል ዳዮክሲንና ፉራን የተባሉትን መርዞች ያመነጫል። እነዚህ በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ናቸው። ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ አደገኛ ያልሆነ ተራ ቆሻሻ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ተቋሙ በቀለም የተለዩ ማጠራቀሚያዎችን ካልገዛ ግን ሁሉም ተቀላቅሎ ወደ እሳቱ ይገባል። ማቃጠያ ለመግዛት ወይም ለማሠራት ሲታሰብም የሁለተኛው ክፍል ሙቀት ከ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያንስ በመግለጫው ላይ መስፈር አለበት።

ይህ አሠራር ለእኛ አዲስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት የጋራ መግለጫ ክትባት ሲቀርብ ዳግም ጥቅም ላይ የማይውል መርፌና ሴፍቲ ቦክስ አብረውት እንዲቀርቡ ወስነዋል። የዕቃውን አወጋገድ ከዕቃው ጋር አብሮ መግዛት ማለት ይህ ነው።

ሰብአዊ መብትን የሚመለከቱ ምሳሌዎች

እ.ኤ.አ. በ2006 ዶክተር ማህሙድ ቡታ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት (ቢ.ኤም.ጄ.) ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ በፓኪስታን ሲያልኮት ከተማ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች በሕፃናት ጉልበት ጭምር እንደሚመረቱ አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ የብሪታንያ የሕክምና ማኅበር ይህን ጉዳይ የሚከታተል ቡድን አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የኮቪድ ወረርሽኝ የጓንት ፍላጎትን ባናረበት ወቅት፣ የአሜሪካ የጉምሩክ ባለሥልጣን ቶፕ ግላቭ የተባለውን የማሌዢያ ግዙፍ አምራች ምርት በግዳጅ ሥራ ጥርጣሬ አገደ፤ እገዳው የተነሳው በ2021 ኩባንያው ለስደተኛ ሠራተኞቹ የምልመላ ክፍያቸውን ከመለሰ በኋላ ነው። የታካሚን ሕይወት የሚጠብቅ ጓንት የሌላውን ነፃነት ገፍፎ ሊመረት እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

አንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ ማሌዢያ ድረስ ሄዶ ፋብሪካ ሊመረምር አይችልም። ይህ በአገር ደረጃ በብዛት የሚገዛው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ድርሻ ሊሆን ይገባል። በጤና ጣቢያው አቅም ሥር ያለ አንድ ግዥ ግን አለ፤ እርሱም የጽዳት አገልግሎት ነው።

የጽዳት ሥራ በጨረታ ለድርጅት ሲሰጥና አነስተኛ ዋጋ ያቀረበው ሲያሸንፍ፣ ቅናሹ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሠራተኛዋ ደመወዝ፣ ከወፍራም ጓንቷና ከቦት ጫማዋ ነው። ያልተከተበች ሠራተኛ የሄፓታይተስ ቢ ሕመምተኛ ደም በነካው መርፌ ብትወጋ የመያዝ ዕድሏ ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ ለኤች.አይ.ቪ. ይኸው ዕድል 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በውሉ ልዩ ሁኔታዎች ውስጥ አሸናፊው ድርጅት ለሠራተኞቹ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፣ መከላከያ ልብስና በመርፌ ለተወጉ የሚሰጥ ፈጣን ሕክምና እንዲያሟላ መጻፍ ይቻላል። ይህም ሁሉም ተጫራቾች ዋጋቸውን በእኩል መሠረት እንዲያቀርቡ ያደርጋል።

የባለሙያው ድርሻ

የፍላጎት መግለጫ የሚዘጋጀው ዕቃውን ከሚጠቀመው ክፍል በሚመጣ ጥያቄ ነው። በመሆኑም፦

1. ክፍሉ ጥያቄውን ሲያቀርብ ዕቃው ካገለገለ በኋላ እንዴት እንደሚወገድ አብሮ ይግለጽ።

2. መመዘኛው ከዕቃው ወይም ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘና በማስረጃ የሚረጋገጥ ይሁን፤ የንግድ ምልክት መጥቀስ ካስገደደም «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ይጨመር።

3. የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴው ዋጋን ሲያነጻጽር የጥገናንና የማስወገድን ወጪ ያካትት።

4. ዕቃውን የሚረከበው ባለሙያ ከመግለጫው ጋር ያልተስማማውን አይረከብ፤ በተግባር የማይፈተሽ መመዘኛ ወረቀት ብቻ ነውና።

ማጠቃለያ

በጀቱ በማይበቃበት፣ አስፈላጊ መድኃኒት በሚጠፋበት ተቋም ይህን ሁሉ መጠየቅ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። አንዳንዱ መመዘኛ በእርግጥ ዋጋ ይጨምራል፤ ስለዚህ ተቋሙ ሁሉንም በአንድ ዓመት ለመፈጸም ሳይሞክር ቅድሚያ የሚሰጠውን መምረጥ አለበት። ሆኖም ርካሽ የተባለው ግዥ ወጪውን አላስቀረም፤ ከተቋሙ መዝገብ አውጥቶ በጽዳት ሠራተኛዋ አካልና በገበሬው ጓሮ ላይ አሳረፈው እንጂ። ያ ወጪ ዞሮ በታካሚነት ወደ እኛው ይመለሳል። ስለሆነም የሚቀጥለው የግዥ ጥያቄ ቅጽ በፊታችን ሲቀርብ የዕቃውን ስምና ብዛት ብቻ ሞልተን ባንመልሰው መልካም ነው።